ምላስ «ትርፍ» የሚባልበት ገበያ

ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሰፈር ገበያ የገባ ሰው ሥጋ ሻጮቹን ከሩቅ ይለያቸዋል። ከየመደቡ በላይ ቀይ የፕላስቲክ ክዳን ያላቸው አምፖሎች ተንጠልጥለው ሥጋውን ሁሉ አሁን የታረደ ያስመስሉታል። መንጠቆው ላይ ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ አንጀትና ጨጓራ ተደርድሯል። ሻጩ የመጣችውን ሴት ሁሉ፣ ዕድሜዋ ምንም ይሁን፣ «ሌንግ ኖይ» ብሎ ይጠራታል፤ «ቆንጂት» እንደማለት ነው። ደንበኛዋ ወደ መንጠቆው ጠቆም አድርጋ «ሌይ» ትላለች። ምላስ ያወርድላታል። የጠራችው ቃል ግን ምላስ ማለት ብቻ አይደለም፤ ያው ድምፅ «ትርፍ» ማለትም ነው።

ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በጽሑፍ ቻይንኛ ምላስ ሌላ ስም አለው። ያ ስም በሆንግ ኮንግ ቋንቋ፣ በካንቶንኛ ሲነበብ «ሲት» ይሆናል፤ «ሲት» ደግሞ «መክሰር» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ካንቶንኛ ተናጋሪው ሕዝብ በንግድ የታወቀ ነው። በጠዋት ሱቁን የከፈተ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ «ኪሳራ አለህ? ኪሳራ በስንት ነው?» ሲባል መዋልን አልወደደውም። እናም ስሙ ተገለበጠ፤ ኪሳራው ወጥቶ ትርፍ ገባ። ቃሉ ዛሬ ከብት ምላስ ላይ ብቻ አይቀርም። ሐኪም ፊት አፉን የከፈተ ሰው የሚያወጣውም ምላስ «ሌይ» ነው።

ጉበትም ከዚህ አላመለጠም። የጽሑፍ ስሙ «ጎን» ነው፣ «ጎን» ደግሞ «ደረቅ» ማለት ነው። በካንቶኖች የመንገድ ቋንቋ ገንዘብ «ውሃ» ስለሚባል፣ ደረቅ ኪስ ማለት ባዶ ኪስ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ጉበት «እርጥብ» ከሚለው ቃል በወጣ ስም «ዮን» ተብሎ ይሸጣል። የረጋ የአሳማ ደምም ደም ተብሎ አይጠራም፤ «ጁ ሁንግ» ነው፣ «የአሳማ ቀይ»። ቅኔ ሲቆጠር ሰምቶ ላደገ ጆሮ ይህ ጨዋታ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ ባለቅኔው ወርቁን ሲደብቅ አድማጩ ቆፍሮ እንዲያገኘው መፈለጉ ላይ ነው። የካንቶን ሥጋ ሻጭ ግን ክፉውን ቃል የቀበረው ማንም እንዳያወጣው ነው።

በቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን የአሳማ ምላስ «ዳይ ሌይ» በሚል ስም ገበታ ላይ ይቀርባል። «ትልቅ ምላስ» እና «ትልቅ ትርፍ» አንድ ላይ ተጎርሰው ይዋጣሉ። ከሆንግ ኮንግ ደሴት በስተደቡብ፣ ከአበርዲን ወደብ ፊት ለፊት ደግሞ በዓለም ላይ ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው ደሴቶች አንዷ አለች፤ ስሟ አፕ ሌይ ቻው፣ «የዳክዬ ምላስ ደሴት» ማለት ነው። ስሟን ያገኘችው ከቅርጿ ነው።

ካንቶንኛ የሚነገረው በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ፣ በጎረቤቱ በጓንግሺ ከፊል፣ በሆንግ ኮንግና በማካው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ በተደረገው ቆጠራ ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከ100 ሰዎች 89 ያህሉ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው የሚናገሩት ይህን ቋንቋ ነበር። ስሙ የመጣው «ካንቶን» ከሚለው የጓንግዡ የቀድሞ የአውሮፓውያን መጠሪያ ነው። ጓንግዡን ብዙ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በደንብ ያውቃታል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ እሷም ወደ ሆንግ ኮንግም ይበራል። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒትም እዚያው ነው።

ጓንግዡ ውስጥ የጅምላ ዋጋ የሚቆረጠው በቻይና ብሔራዊ ቋንቋ በማንዳሪን ነው፤ ቢሮውም ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። የጓንግዡ ተወላጅ ግን ገበያ፣ ሻይ ቤትና ማጀት ሲገባ ወደ ካንቶንኛው ይመለሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞቹን ወደ ማንዳሪን እንዲያዞር ሐሳብ ሲቀርብ፣ ሰው አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል። ለጀማሪ እንግዲህ የትኞቹ ቃላት ይቀድማሉ? የሰውነት ክፍሎችና ምግብ ቢባል አያስኬድም አይባልም፣ ምክንያቱም በዚህ ቋንቋ ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ናቸው ለማለት ምንም አይቀራቸውም።

ከቃላቱ በፊት ግን ጆሮ ይቀድማል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ያልጠበቀው ብልጫ አለው። ካንቶንኛ አጭርና ረጅም «አ» ይለያል፤ ብዙ አውሮፓዊ ተማሪ ለወራት የሚቸገርበት ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን አጭሩ ወደ ግዕዙ «ገ»፣ ረጅሙ ወደ ራብዑ «ጋ» በጣም ይቀርባል። «ገይ» ዶሮ ነው፤ «ጋይ» መንገድ። «ፈን» የሩዝ ኑድል ነው፤ «ፋን» የበሰለ ሩዝ። «ሳም» ሦስት ቁጥር ሲሆን ልብ ደግሞ «ሰም» ነው፤ ያው የሻማው ሰም ይመስላል። ራስ «ተው» ይባላል፣ ልጅ ሲቆጡት እንደሚባለው። እጅ ደግሞ «ሰው» ነው። እነዚህን ሦስቱን ለመያዝ ደብተር የሚያስፈልገው አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስልም።

ብልጫው እዚያ ላይ ያበቃል። ካንቶንኛ የዜማ ቋንቋ ነው፤ የድምፁ ከፍታ ሲለወጥ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ዜማዎቹ 6 ናቸው። የሆንግ ኮንግ የሥነ ልሳን ማኅበር በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአጻጻፍ ሥርዓት «ጁትፒንግ» በቁጥር ያመለክታቸዋል፦ 1 ከፍ ብሎ የሚዘልቅ፣ 2 ከፍ እያለ የሚወጣ፣ 3 መካከል ላይ የሚረጋ፣ 4 ወደ ታች የሚወርድ፣ 5 ከታች ተነሥቶ በጥቂቱ የሚወጣ፣ 6 ዝቅ ብሎ የሚረጋ። አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ ቢበዛ የልደቱን «ገና» እና የጊዜውን «ገና» በመጥበቅና በመላላት ይለያል። ኢትዮጵያ ግን አላት። በደቡብ ምዕራብ የሚነገረው የቤንች ቋንቋ እንደ ካንቶንኛ 6 ዜማዎች አሉት፤ 5ቱ በተለያየ ከፍታ የሚዘልቁ፣ አንዱ ወደ ላይ የሚወጣ። የቤንች ልጅ ጓንግዡ ገብቶ ካንቶንኛ ቢማር ከአዲስ አበባው ልጅ ይልቅ ጆሮው ቀድሞ የተገራ ነው።

ዜማ የሳተ እንግዳ ቅጣቱን የሚቀበለው ሬስቶራንት ውስጥ ነው። ቶንግ1 ሾርባ ነው። ቶንግ4 ስኳር። ቶንግ2 ከረሜላ። ቶንግ3 ደግሞ በሙቅ ነገር መለብለብ ወይም ልብስ መተኮስ። ትኩስ ሾርባ የጠየቀ ሰው ስኳር ቢቀርብለት አስተናጋጁን መውቀስ አይችልም። ሌይ6 ምላስ ነው ተብሏል፤ ሌይ2 ሲሆን ግን የሚበላው ፒር ፍሬ ነው፣ ሌይ5 ደግሞ «አንተ» ወይም «አንቺ»። የመጨረሻው በመጽሐፍ ኔይ5 ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ተናጋሪዎች፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ «ነ»ን ወደ «ለ» ይለውጡታል። የወተት ሻይንም ናይ5 ቻ4 ከማለት ይልቅ ላይ5 ቻ4 ይሉታል። አረጋውያንና አስተማሪዎች ይህን «ሰነፍ አነጋገር» ብለው ይነቅፉታል። ተማሪ ግን ሁለቱንም መስማት መልመድ አለበት፤ ገበያው የሚናገረው በመጽሐፉ መሠረት አይደለም።

ቤይም እንዲሁ ነው። ቤይ6 አፍንጫ ሲሆን በወሬ ላይ ቤይ6 ጎ1 ይሉታል፤ «ጎ» ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ቤይ2 ደግሞ ጭን። ያው ቤይ2 በሌላ ፊደል «ስጥ» ማለት ነው። እናም «የዶሮ ጭን ስጠኝ» ለማለት ቤይ2 ጄክ3 ገይ1 ቤይ2 ንጎ5 ይባላል፤ ቃል በቃል «ስጥ አንድ ዶሮ ጭን እኔ»። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ዜማውን ሳያጠፋ የሚናገር ሰው የቋንቋውን ግማሽ ችግር ተሻግሯል ማለት ይቻላል። ሌላው ግማሽ የሚመጣው ከአፍ መዘጋት ነው። ሲክ6 «መብላት» ሲባል የመጨረሻዋ «ክ» ጉሮሮ ላይ ትያዛለች እንጂ አትፈነዳም። አማርኛ ተናጋሪ ሲለምድ «ክ»ዋን አፈንድቶ ያወጣታል፤ ያኔ ካንቶኑ አንድ ክፍለ ቃል ሳይሆን ሁለት የሰማ ይመስለዋል። በንጎ5 መነሻ ላይ ያለው ድምፅ ደግሞ በአማርኛ «ማንጎ» መካከል የሚሰማው ነው፤ ቃል መጀመሪያ ላይ ማምጣቱ ነው ልምምድ የሚጠይቀው።

የአካል ስሞችን ለመያዝ አጭሩ መንገድ አንድ ሙሉ ዶሮ ነው። እመቤቷ ለወጥ 12 ብልት ስታወጣ እያንዳንዱን በስሙ እንደምታውቀው፣ የካንቶን ገበያም ዶሮን በየብልቱ ይጠራል። ገይ1 ተው4 ራሱ፣ ገይ1 ጌንግ2 አንገቱ፣ ገይ1 ዪክ6 ክንፉ፣ ገይ1 ቤይ2 ጭኑ፣ ገይ1 ሰም1 ልቡ፣ ገይ1 ዮን2 ጉበቱ፣ ገይ1 ጐክ3 እግሩ። «ገይ»ን አንሥቶ በራስ ሰውነት ላይ እጅ እያሳረፉ ቢደግሙት ክንፍ ብቻ ሲቀር ሁሉም ለሰውም ይሠራል። ጉበት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚበላው ጉበት ዮን2 ነው፤ ሐኪም ስለ በሽተኛ ጉበት ሲናገር ወደዚያ ወደ ተፈራው «ጎን» ይመለሳል።

በእጅና በእግርም አማርኛ ተናጋሪው ይቀናዋል። ሰው2 መዳፉንም ክንዱንም ይሸፍናል፣ ጐክ3 ውስጥ እግር ከነባቱ ይገባል። «እጄን ሰበረኝ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የትኛው ላይ እንደሆነ በጣቱ ካላሳየ እንደማይታወቅ፣ ካንቶኑም ጋር እንደዚያው ነው። አሳማው ላይ ግን ሰው2 እና ጐክ3 ይለያያሉ፤ የፊተኛው ጁ1 ሰው2 «የአሳማ እጅ»፣ የኋለኛው ጁ1 ጐክ3 «የአሳማ እግር» ተብሎ ይሸጣል። የከብት ሽንፍላ ደግሞ በቅጠላ ቅጠል ስም ይጠራል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበውን ላየ ስሙ አይገርመውም።

ቆጠራውም የሰውን አካልና ምግብን አይለይም። ካንቶንኛ «ሁለት ዓይን» አይልም፤ በቁጥሩና በስሙ መካከል መቁጠሪያ ቃል ያስገባል። ጄክ3 ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅና እግር ይቆጥራል። ዶሮና ዳክዬም የሚቆጠሩት በእሱ ነው። ረዘም ላለ ነገር የሚያገለግለው ቲው4 ደግሞ አንገትን፣ ምላስን፣ የፀጉር ዘለላንና ዓሣን በአንድ መዝገብ ያሰፍራል።

ፊደሉም ይህንኑ ይመሰክራል። የጽሑፉን ውስብስብነት የሚፈራ ሰው ቢያንስ አንድ ምልክት ለይቶ ቢያውቅ ይበጀዋል። የጉበት፣ የአንጀት፣ የጨጓራ፣ የወገብ፣ የእግር፣ የምላስ ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ምልክት አላቸው፤ ለጨረቃ ከሚጻፈው ጋር ይመሳሰላል፣ ምንጩ ግን «ሥጋ» ነው። የምላሱ ፊደል ይህ የሥጋ ምልክትና «ትርፍ» የሚለው ፊደል አንድ ላይ ተጣብቀው የሠሩት ነው። ሥጋ ሻጩ የሸሸው ኪሳራ ፊደል ቀርጾለታል ማለት ነው።

ሻይ ቤት ሲገባ ስሞቹ ከገበያው ይልቅ ይሽቀረቀራሉ። ገበያ ላይ ገይ1 ጐክ3 የነበረው የዶሮ እግር በእንፋሎት በስሎ በትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ ሲቀርብ ፉንግ6 ጃው2፣ «የፊኒክስ ጥፍር» ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዶሮ ጋር የማይበስለው ይኸው እግር እዚያ ከተወዳጅ ቁርሶች አንዱ ነው፤ ቆዳውን በአፍ አሟሙቶ ትናንሾቹን አጥንቶች መትፋት ነውር የለውም። ከጎኑ ጁ1 ቾንግ2 ፈን2 ይመጣል፤ ስሙ «የአሳማ አንጀት» ቢልም አንጀት የለበትም፤ የተጠቀለለ ስስ የሩዝ ቂጣ ነው፣ ስሙን የሰጠው መልኩ ብቻ ነው። እነዚህ ሁሉ ትናንሽ ምግቦች በአንድነት ዲም2 ሰም1 ይባላሉ፤ ሁለተኛው ቃል ያው «ልብ» ነው።

ሰው ግን «ዲም ሰም ልንበላ እንሂድ» አይልም። የሚለው የም2 ቻ4፣ «ሻይ እንጠጣ» ነው። ቻ4 እና የአማርኛው «ሻይ» ሩቅ ዘመዳማቾች ናቸው፤ የእኛው በፋርስና በዓረብ በኩል ዞሮ መጣ እንጂ መነሻው ያው የቻይና ቃል ነው። አንዱ ለሌላው ሻይ ሲቀዳ ተቀባዩ በሁለት ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል፤ ምስጋና ነው። ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ተራ ሰው መስሎ ሲጓዝ ለአሽከሮቹ ሻይ ቢቀዳላቸው፣ መስገድ ምስጢሩን ስለሚያወጣባቸው በጣቶቻቸው ሰገዱ ይባላል። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን ጣቶቹ ዛሬም ይሰግዳሉ። ማንቆርቆሪያው ባዶ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ መተው ይበቃል፤ አስተናጋጁ ሳይጠራ ይመጣል።

አካልና ምግብ ይበልጥ የሚተሳሰሩት ስለ ጤና ሲወራ ነው። ካንቶኖች የሚሉት አንድ አባባል አለ፤ «ቅርጽ ቅርጽን ይጠግናል» የሚል። የሚያስል ልጅ የአሳማ ሳንባ ከለውዝ መሰል ፍሬ ጋር ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ በሾርባ ይሰጠዋል፤ ለፈተና የሚያነብ ተማሪ የአንጎል መልክ ያለው ዋልነት ይጎረስለታል። ሳይንስ ቅርጽን ተከትሎ የሚፈውስ ሳንባ አላገኘም፤ ሾርባው ግን ይጣፍጣል፣ ለተማሪውም የውስጥ አካላትን ስም ያስተምራል። ወላድ የአራስነት ወሯን ስትይዝ ጁ1 ጐክ3 ጐንግ1፣ የአሳማ እግር ከዝንጅብል፣ ከጣፋጭ ጥቁር ኮምጣጤና ከእንቁላል ጋር ይሠራላታል፤ ለመጠየቅ የመጣውም ይቀምሳል። የአራስ ቤት ገንፎ በልቶ የሚያውቅ ሰው ወጉን ለመረዳት አይቸገርም።

ብዙ የተጠበሰ ነገር በልቶ ጉሮሮው የከረከረው ሰው ዪት6 ሄይ3 አለብኝ ይላል፤ «ሙቅ አየር» እንደማለት። መድኃኒቱ ሎንግ4 ቻ4፣ «ቀዝቃዛ ሻይ» ነው። ስሙ አያታልል፤ ብዙ ጊዜ ትኩስ ነው፣ ከዕፅዋት ይቀቀላል፣ አንዳንዱም ፊትን የሚያጨማድድ መራራ ነው። በጓንግዡ በ1828 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዎንግ ሎ ካት ስም እስካሁን ይሸጣል፤ ይህ የሻይ ባህል በ2006 እ.ኤ.አ. በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሕመምን መግለጽ ከዚህ ይቀላል፤ «እኔ» ብሎ የአካሉን ስም ጠርቶ ቱንግ3 ማለት ነው። ንጎ5 ተው4 ቱንግ3፣ ራሴን አመመኝ። ንጎ5 ቶው5 ቱንግ3፣ ሆዴን አመመኝ። ረሃብ የሆድ ነው፤ ቶው5 ንጎ6 ይባላል። ጥማት ግን የሚቀመጠው አንገት ላይ ነው፤ ጌንግ2 ሆት3።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ቃል ጃይ1 ሊሆን ይችላል። አሳማ የማይበላ ሰው ዝም ብሎ «ሥጋ» ተብሎ የተጻፈ ምግብ ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ እዚያ ስሙ ያልተጠራ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። ከብት ንገው4፣ ዶሮ ገይ1፣ ዓሣ ዩ4 ተብሎ በስሙ ይጠራል። ጃይ1 ግን ከእነዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋ ሲተዉ የሚበሉት የጾም ምግብ ነው። ሲክ6 ጃይ1 ማለት ጾሙን መብላት ነው፤ ዓርብና ረቡዕን የሚጾም ሰው ቃሉን ወዲያው ለራሱ ይወስደዋል። ጃይ1 ገዳም ውስጥ ብቻም አልቀረም። በሆንግ ኮንግ የሰፈር ካፌዎች ቡና ጋ3 ፌ1 ነው፤ ወተትም ስኳርም የሌለበት ቡና ደግሞ ጃይ1 ፌ1፣ «የጾም ቡና» ይባላል። የቡና ዛፍ ከበቀለበት አገር የመጣ እንግዳ ይህን አንድ ትእዛዝ ባይስት ጥሩ ነው።

የጾም ነው ተብሎ የታዘዘ አትክልትም ማጣራት ይፈልጋል። በጣም የተለመደው ቅጠል ቾይ3 ሰም1 ነው፤ «የአትክልት ልብ»። ቅጠሉ ተቀቅሎ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ሆው4 የው4 ይፈስበታል፤ ከኦይስተር፣ ማለትም በቅርፊት ውስጥ ከሚኖር የባሕር ፍጥረት የሚሠራ ወፍራም ጥቁር ስጎ ነው። የማይፈልግ ሰው ጀው2 የምትለዋን ግሥ ከፊት ያስቀድማል፤ «ይሂድ፣ ይሩጥ» ማለት ናት። ጀው2 ሆው4 የው4። አስተናጋጁ ትእዛዙን ወደ ማጀት እየጮኸ ያስተላልፋል፤ ቾይ3 ሰም1 ያለ ስጎው ይመጣል።